ሩቅ ማየት የረሱ ልጆች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሸኙኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ አንድ ጋቢም ትከሻዬ ላይ ጣል ተደረገልኝ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ስለነበሩ ሰባት ወይም ስምንት ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አለቃችን ስለ እኔ ሲናገር ማንጎው ዛፍ ላይ ሁለት ጦጣዎች ተጣሉና አንዷ ከነያዘችው ቅርንጫፍ ፊታችን ዘጭ አለች። ትልልቆቹ ሁሉ ብድግ አልን፤ ንግግሩም እዚያው ቆመ። ጦጣዋ ተነስታ እየተነጫነጨች ግንዱን ይዛ ወጣች። ከልጆቹ መካከል ግን አንገቱን ቀና ያደረገ አንድ እንኳ አልነበረም። እያንዳንዳቸው የእናታቸውን ወይም የአባታቸውን ስልክ ይዘዋል።

ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛው በዓይን ሕክምና ነው። እሾህ የወጋው፣ ኖራ ያቃጠለው፣ ሞራ የጋረደው ዓይን አይቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ይህን የስልክ ነገር ስታገለው ነው የኖርኩት። ያም ሆኖ ያን ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የተነገረልኝን የምስጋና ቃል አንዱንም አልሰማሁትም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነርስነት ተምሬ ስመረቅ የመጀመሪያ ምደባዬ ማንቡክ ሆነ። ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም፣ ክረምቱ ጭቃ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አልልም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከግቢ መውጣቴን የማይወድ ሰው ነበር። ነርስ ቁጭ ብላ በሽተኛ ትጠብቃለች እንጂ ገጠር ለገጠር እየዞረች አትፈልግም ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። የዓይን በሽታ ሁሉ የሚመጣው ከውጭ ነው ብዬ አምን ስለነበር ምንጩን ማየት እፈልግ ነበር። ዝንቡ፣ አቧራው፣ የማሽላው አገዳ፣ ወንዝ ዳር ያለችው የምትናከስ ጥቁር ዝንብ፣ ሁሉም ጠላቶቼ ነበሩ።

አንድ ቀን በዚያች ዝንብ ምክንያት ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። በዱላ የምትመራው ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት የልጁ ልጅ ነበረች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ልጅቷ ከሸለቆው ማዶ ያለውን መንገድ እያየች ለሽማግሌው በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረችው። አስተርጓሚዬ ሁለት ሰዎች እየመጡ ነው፣ አንዷ ቀይ ጃንጥላ ይዛለች እያለች ነው አለኝ። ዓይኔን አጥብቤ ባይ ምንም አልታየኝም። ጃንጥላውን እኔ ያየሁት ሰዎቹ ሸለቆውን ወርደው ወደ እኛ መውጣት ሲጀምሩ ነው። እንደዚያ ያለ ዓይን ይዛ እያየኋት ለእናቷ የሰጠሁት ምክር ግን ልጅቷን ከወንዙ አርቂያት፣ ከአቧራው አስገቢያት፣ ቤት ትዋል የሚል ነበር። ስለ ዝንቡ ትክክል ነበርኩ። በዚያን ጊዜ አንድ ቀን ተገልብጠሽ ልጆቻችሁን ከቤት አውጡ ብለሽ እናቶችን ትለምኛለሽ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከማንቡክ ወደ አሶሳ ስዛወር የዓይን ክፍል ውስጥ መደቡኝና ከጋሼ ሃሩን ጋር ተገናኘሁ። ጋሼ ሃሩን የአሶሳ ዙሪያ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው በድሬሰርነት ተቀጥረው ዓይን ብቻ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በቤርታ ቋንቋ ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ እኔንም አንተ ነበር የሚሉኝ፤ እኔም ለምጄው ሰው በአንቺ ሲጠራኝ ዞር እስከማለት ደርሼ ነበር።

የሚያውቁትን ቁጭ ብለው አያስተምሩም። እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ አያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ጥፍራቸውን ይመረምራሉ፤ ትንሽ አድጎ ካገኙት በመቀስ ይከረክሙታል። የዓይን ጠብታ ለልጅ ከመጨመራቸው በፊት ብልቃጡን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ያሞቁታል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ የደረሰበት ልጅ ሁለተኛ ዓይኑን አይከፍትም ይላሉ። ልጅ ሲመጣ ወዲያው ወደ ፊቱ አይሄዱም። መንገድ ላይ ምን አየህ ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ስለ በሬው፣ ስለ መኪናው፣ ስለተጣሉት ሰዎች ሲያወራ አንገቱን ወደ የት እንደሚያዘነብል፣ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያይ እየተመለከቱ ነው። ወሬው ሲያልቅ ምርመራው ግማሽ ተሠርቷል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም ነበር። የዕይታ መለኪያ ሰሌዳ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ይሰቀላል። ሰሌዳው ላይ ያለው ባለ ሦስት ጣት ምልክት ጣቶቹን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ያዞራል፤ ልጁ በእጁ አቅጣጫውን ያሳያል። መጀመሪያ አንዱ ዓይን ተሸፍኖ፣ ቀጥሎ ሌላው። ጋሼ ሃሩን የልጁን ዓይን በራሳቸው መዳፍ ነበር የሚሸፍኑት። ልጅ በራሱ እጅ ይሸፍን አይሉም። ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም ከኋላው ይቆማሉ፣ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ሳይጫኑ። እኔ አንዴ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አንዱን ልጅ ሸፍን ስለው እጄን ያዙኝና ልጅ በጣቱ መካከል ያያል አሉኝ። ለማታለል ብሎ አይደለም፣ ደግ ሆኖ ነው፤ ትክክል መልስ ልስጣቸው ብሎ ነው አሉ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ትንሽ ቆይቼ ሁለት ዓመት ሸርቆሌ ስደተኞች ጣቢያ ተልኬ ሠራሁ። ወረቀቱ ከበሽተኛው ይበዛ ነበር። የስደተኞቹ ልጆች ከጨርቅ በተቋጠረ ኳስ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይራገጣሉ፤ ዕይታቸውን ስለካ የመጨረሻውን ረድፍ እንደ ቀልድ ይነግሩኛል። ያን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁትም እዚያው ነው። አንድ ሰው በፀሐይ ኃይል ስልክ መሙላት ጀመረ። ከዚያ አንድ ትልቅ ስልክ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሜዳው ሳልፍ ኳሷ ብቻዋን መሃል ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹን ፈልጌ ሳገኛቸው ያ ሁሉ ልጅ በአንድ መጠለያ ጥላ ሥር አንገቱን ወደ አንድ ቦታ አቀርቅሮ ተቃቅፏል። ሳቅ የለም፣ ጠብ የለም። ያን ያህል ልጅ ተሰብስቦ ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ልጅ የሞተ መስሎኝ ነበር የሮጥኩት።

አሶሳ ስመለስ ከተማው ተለውጧል። ባጃጁ በዝቷል፣ ባዶ የነበረው ቦታ ታጥሯል፣ ስልኩም በየቤቱ ገብቷል። የአገሩ ሰላም ደፍርሶ ከቤት መውጣት የሚያስፈራበት ጊዜም መጣ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በር ዘግተው ማሳደግ ለመዱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር። አስፈሪው ጊዜ ሲያልፍ ግን በሩ እንደተዘጋ ቀረ።

ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርኩ ዕይታ እለካ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ገብቼ ስለካ ልጆቹ አንዱ ከአንዱ ተከትሎ ከሰሌዳው የመሃል ረድፍ ማለፍ አቃታቸው። ክፍሉ ጨልሞ ነው ብዬ ሰሌዳውን ነቅዬ ውጭ ብርሃን ላይ ሰቀልኩት። ያው ነው። ገመዴን ዘርግቼ ርቀቱን እንደገና ለካሁ፤ ስድስት ሜትር ነው። በመርፌ የተበሳሳውን ጥቁር ፕላስቲክ ዓይናቸው ላይ ሳደርግላቸው ምልክቱ ጠራላቸው፤ ይህ ማለት መነጽር የሚፈልግ ዓይን ነው። በማንቡክና በሸርቆሌ በዚያ ሁሉ ዓመት ያየኋቸው የሩቅ ዕይታቸው የደከመ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በኋላ ሊጎበኘን የመጣ የዓይን ሐኪም፣ በማደግ ላይ ያለ ዓይን የቀን ብርሃንና ሩቅ ቦታ ካላገኘ ቅርቡን ብቻ እያየ እንደሚያድግ አስረዳኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ጠላቴ ሆነ። ያገኘሁትን እናት ሁሉ አስጠነቅቃለሁ፤ በየስብሰባው እናገራለሁ። ማንቡክ ላይ ውጭ የሚባለውን ነገር ሁሉ እንደጠላሁት አሁን ደግሞ ያንን ሳጥን ጠላሁት። ሰው አንድ ጠላት ሲይዝ ሌላ ማየት ያቆማል። እኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ሰሚራ የምትባል እናት ነበረች። ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አላት፤ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ የለም። ረምላ የምትባል የስድስት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ስልክ ስታይ ነበር የምትውለው። ትምህርት ቤታቸው ስሄድ ሰሚራ ሥራዋን ጥላ መጣችና ልጄ ስልክ ስታይ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታጣምማለች፣ ግራ ዓይኗንም ትፈትጋለች አለችኝ። ያን ዕለት ወረፋው ረጅም ነበር፤ ዝናብም እያጉረመረመ ነው፤ መምህራኑም ልጆቹን ሳይዘንብ ለመልቀቅ ቸኩለዋል። ረምላን ሰሌዳው ፊት አቆምኳትና ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍኚ አልኳት። በሁለቱም በኩል ጥሩ መለሰች። ሰሚራን ዓይኗ ደህና ነው፣ ችግሩ ስልኩ ነው አልኳት። ወረቀት ላይም ጻፍኩላት፦ ስልክ ይከልከል፣ ልጅቷ ውጭ ትጫወት። ሰሚራ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አመስግናኝ ሄደች።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ መጥታ፣ ቦይ ውስጥ የወደቀች ልጅ አለች፣ ዓይኗ አብጧልና እዪልን አለችኝ። ሄድኩ። አልጋው ላይ ያለችው ረምላ ነበረች። ክንዷ ተሰብሮ ታስሯል። ቀኝ ቅንድቧ ላይ ያለው ቁስል ተሰፍቷል፤ ቀኝ ዓይኗ ከእብጠቱ የተነሳ ጭራሽ ተዘግቷል። ሰሚራ ከአልጋው ጫፍ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ታለቅሳለች።

ረምላ በግራ ዓይኗ ወደ እናቷ እያየች፣ «እማ የታለች?» አለች።

ሰሚራ የድንጋጤው ነው ብላ እጇን ያዘችላት። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሁለት ጣቴን ከፊቷ አቆምኩና ስንት ነው አልኳት። አልለየችውም። አቀረብኩት። ሰው አለ፣ ግን ጭጋግ ነው አለችኝ። የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ዓይኗን አየሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ጉዳት የለውም። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ዓይን ዛሬ አልተጎዳም። ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነበር፤ አእምሮዋም ደካማውን ትቶ በቀኙ ብቻ ማየትን ለምዷል። አንገቷን ታጣምም የነበረው ለዚህ ነው። ያን ዕለት ሰሌዳው ፊት ስትቆም ደግሞ በጣቶቿ መካከል በደህናው ዓይኗ እያየች፣ ትክክለኛውን መልስ ልስጣቸው ብላ ነበር የመለሰችልኝ። ቁስሉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ኖሮ ይህች ልጅ ብርሃኗ ጠፍቶ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሰሚራ ተከትላኝ ወጣች። እውነቱን መናገር ነበረብኝና ተናገርኩ። ያን ዕለት ዓይኗን በራሴ እጅ መሸፈን ሲገባኝ እንዳልሸፈንኩ፣ በስድስት ዓመቷ ቢታወቅ በመነጽርና በሕክምና በደንብ ይመለስ እንደነበር፣ አሁን ግን ጊዜው እንደሄደ ነገርኳት። ሰሚራ ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትለኝ፤ ያን ቀን ተወችው።

«ስልኩን ቀሚያትና ውጭ ላኪያት አልሽኝ። ላክኋት።»

በኋላ እንደሰማሁት ልጆቹ ከሱቁ ፊት ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እየዘለሉ ይጫወቱ ነበር። ለሌሎቹ ቀላል ዝላይ ነው። በአንድ ዓይን ለምታይ ልጅ ግን የቦዩ ማዶ የት እንደሚጀምር በትክክል አይታወቃትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ኳስ መያዝ አትችልም፣ ደንቆሮ ናት እያሉ ሲስቁባት ኖረዋል። እኔም የላክኋት ወደዚያ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሃሩን ቤት ሄድኩ። ከከተማው ዳር ማንጎዎቻቸው መካከል ተቀምጠው ሽመል እየሰነጠቁ ቅርጫት ይሠራሉ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ቢላቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ዓይኑን ማን ሸፈነው ብለው ጠየቁኝ። ራሷ አልኩ። ወደ መሬት አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ሐዋ፣ አንተ ጠብታ ስትሰጥ ስንት ጊዜ፣ ስንት ጠብታ፣ ማን ይጨምራል ብለህ ትጽፋለህ። ውጭ ስትሰጥ ግን ዝም ብለህ ጣልክ። ከማን ጋር አላልክም። የት አላልክም። ልጅ አማና ነው፣ አደራ፤ አማና አይጣልም።»

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ባጭሩ ጥፋቴን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የረምላ ክንድ ሲድን እሷንና ሰሚራን ይዤ ወደ ሌላ ከተማ፣ የሕፃናት ዓይን ሐኪም ወዳለበት ሄድኩ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሰሚራ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ሐኪሟ መነጽር አዘዘችላትና በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ደህናውን ዓይን ሸፍናችሁ ደካማውን አሠሩት አለች። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ የሚመለሰውን ያህል ግን እንሞክራለን አለች። ምን ትሥራበት ብዬ ስጠይቃት የምትወደውን ነገር ሁሉ፣ ትሳል፣ ዶቃ ትሰካ፣ ልክ ባለው ሰዓት ስልክም ብታይ ጥሩ ነው አለችኝ። ሰሚራ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ረምላን የበደላት ስልኩ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነበር።

ይህ ማለት ግን በሦስተኛ ክፍል ያየሁት ውሸት ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከጋሼ ሃሩን ጋር ተመካከርንና ልጆችን ውጭ አውጡ ማለቱን ትተን ራሳችን ይዘናቸው ልንወጣ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ሁለታችን በዓይናችን ልንጠብቃቸው ከምንችለው በላይ ልጅ አንወስድም። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ትልቅ ሰው በተራ አብሮን ይመጣል። ከመሄዳችን በፊት የሁሉንም ዓይን አንድ በአንድ መረመርኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት የጎረቤቶቼ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸውን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ያቺን ቅዳሜ አልረሳትም። ከአስፋልቱ ወርደን ጠጠር ያለበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ልጆቹ ቆሙ። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሲንሸራተት ፈርተው እርስ በርስ ተያያዙ። ተወልደው ያደጉት ከዚያ ቦታ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ነው። ሜዳው ላይ ወጥተን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ሲታይ ጋሼ ሃሩን በሽመል ምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ከሁሉ ሩቅ የሚታያችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አንዷ የእሳቸውን ምርኩዝ አሳየች። ሌላው ከፊታችን ያለውን ቁጥቋጦ። ከቁጥቋጦው ማዶ ያለውን ጋራ የጠራ ልጅ አልነበረም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ዛፍ ጫፍ ላይ ያለ ጭልፊት ስናሳያት እጇን ወደ አየሩ ዘረጋችና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ማድረግ ጀመረች። ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። ላተልቀው ነው አለችኝ። አብራን የመጣችው እናቷ መሳቅ ጀመረችና መሃል ላይ ሳቋ ተቋረጠ። ጋሼ ሃሩን ነገሩ ስላልገባቸው አስረዳኝ አሉ። ስልክ ላይ ሥዕል የሚጎላው ጣት እንዲያ ሲደረግ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ሱብሃነላህ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

በየሳምንቱ ወጣን። መራመድ አንድ ጊዜ የደከመን ዓይን አያድንም፤ መነጽር የታዘዘለት ልጅ መነጽሩን አድርጎ ነው የሚሮጠው። ግን ራሳቸውን ያማቸው የነበሩ ልጆች ሕመሙ ቀለለላቸው፤ ከመኝታ ጋር ይታገሉ የነበሩት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋራውንም መጥራት ጀመሩ። ከጋራው ማዶ ምን እንዳለ መጠየቅም ጀመሩ። ወላጆች መጀመሪያ እየፈሩ፣ በኋላ ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ መምጣት አበዙ።

ሰሚራን ለወራት አላስቸገርኳትም። ሱቋ በር ላይ ሳልፍ ሰላም እላታለሁ፤ ትመልስልኛለች፤ በዚያው አልፋለሁ። ከክረምቱ በኋላ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ለመውጣት ስንሰበሰብ ረምላን በእጇ ይዛ መጣች። ሱቁን ዘግታለች። ረምላ መነጽሯን አድርጋለች፤ ከመነጽሩ ሥር ደህናው ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የሕክምናው ሰዓት ነበር። ሰሚራ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም። ብቻዋን ግን ከእንግዲህ አልልካትም፤ አብሬያት መጥቻለሁ» አለችኝ። እሺ የኔ እህት አልኳት።

ዝናቡ ገና በቅርብ ስላቆመ በመንገዳችን ላይ ያለችው ትንሽ ወንዝ ሞልታለች። ጉልበት አትደርስም፤ ግን ትጮኻለች። ልጆቹ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ተሻገሩ። ረምላ ከመጀመሪያው ድንጋይ ፊት ቆመች። ድንጋዩ ቅርብ ይሁን ሩቅ በዚያ ደካማ ዓይኗ እንደማይለይላት አውቃለሁ። ሰሚራ ልትሸከማት ጎንበስ አለች። ቦዩ፣ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ እሰብራታለሁ ብዬ ተመልሰን እንሂድ ልል አፌን ከፈትኩ።

ረምላ የእናቷን እጅ ገፋ አደረገች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። እግሯን ወደ ውኃው ሰደደች፣ በእግር ጣቶቿ የሚቀጥለውን ድንጋይ ዳሰሰች፣ አገኘችው፣ በቂጧ ተንፏቃ ደረሰችበት። ሌላውንም እንዲሁ። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጥቧል። ከማዶ ያሉት ልጆች ጸጥ ብለው ያያሉ፤ የሚስቅ የለም። ማዶ ስትደርስ ቆመች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ወደ እኛ ዞረች።

ሰሚራ አሁንም ከዚህኛው ዳር ናት፤ በሱቅ ጫማዋ። ረምላ እጇን ወደ ውኃው ዘርግታ፣ «እማ፣ ነይ። ድንጋዮቹን በእግርሽ ፈልጊያቸው» አለቻት።

ሰሚራ ጫማዋን አወለቀች።